መሀል ወንዝ ላይ የቀረችው አዋላጅ

በአንድ ወቅት፣ ድልድይ በማይቆምበት ገደል፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት መንደሮች ነበሩ። አንዱ ቀይ አፈር፣ ሌላው ጥቁር አፈር ይባላል። ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል፣ በአንድ ታቦት ይምላሉ። ግን አይዋደዱም። የቀይ አፈር ሰው እንቅፋት ሲመታው እንኳ «የማዶዎቹ ሥራ ነው» ይላል። የማዶዎቹም እንደዚያው።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ገመድ ነው። ከዓለት እስከ ዓለት ወፍራም የቃጫ ገመድ ተወጥሯል፤ በላዩ የወይራ ቀለበት ይሄዳል፤ ተሻጋሪው በጠፍር ታስሮ ከቀለበቱ ይንጠለጠላል። ከቀለበቱ ወደ ሁለቱም ዳር ቀጫጭን መሳቢያዎች ተዘርግተዋል። አንዱ ዳር ሲስብ ሌላው ዳር ይለቃል። አንዱ ስቦ ሌላው ካልለቀቀ ሰው መሀል ወንዝ ላይ ይቀራል። አባቶች እንዲህ ያደረጉት አውቀው ነው። ዱሮ፣ አንዱ ዳር ብቻውን መሳብ በሚችልበት ዘመን፣ ጉልበት ያለው የሌላውን ፍየልና በቅሎ እየጎተተ ይወስድ ነበር አሉ።

ሳቢዎቹ የሚበሉት ከአንድ የጋራ ጎተራ ነው። ጎተራው በቀይ አፈር ዳር ከዓለት የተፈለፈለ ዋሻ ሲሆን፣ በሩ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ቁልፍ በቀይ አፈር ጭቃ ሹም አንገት፣ አንዱ በጥቁር አፈር ጭቃ ሹም አንገት ይንጠለጠላል። በየዓመቱ በሰኔ ሚካኤል፣ የቀትር ደወል ሳይደወል፣ ሁለቱ ጭቃ ሹሞች በየዳራቸው መሳቢያውን ጨብጠው፣ በቄስ ፊት መስቀል ተሳልመው ቃል ኪዳን ያድሳሉ። ጎተራው ይከፈታል፤ አሮጌው ገመድ በአዲስ ይለወጣል። ቃሉ ሳይታደስ ደወሉ ከደወለ ግን ሳቢ ሁሉ መሳቢያውን ከካስማ አስሮ እጁን ይሰበስባል። ያለ ቃል ኪዳን የሳበ ሰው ከሁለቱም መንደር ይባረራል።

ዱሮ ከበዓሉ ሳምንት አስቀድመው ይጨርሱ ነበር። ኋላ በዋዜማው ሆነ። ኋላ በዕለቱ ጧት። ኋላማ ቄሰ ገበዙ የደወሉን ገመድ ይዞ ቆሞ፣ በመጨረሻዋ ትንፋሽ ይታረቃሉ። ሰዉም ለመደው። «ይጮሃሉ እንጂ ይታረቃሉ» የሚል አነጋገር አወጣ። ዛሬ በባሕር ማዶ፣ በአሜሪካ፣ ሁለት ወገን በበጀት ተፋጥጦ መሥሪያ ቤት ሊዘጋ ነው ሲባል በራዲዮ ሰምቶ የሚደነቅ ሰው አለ። ነገሩ ግን ዕድሜ ያለው ነው። ሰው ፍርሃትን ከለመደ፣ የሚፈራበት ቀን ሲመጣ አያውቀውም።

እመት ትርንጎም ለምዳው ነበር።

ትርንጎ የቀይ አፈር አዋላጅ ናት። የማዶዋ አዋላጅ ካረፈች ወዲህ ግን ሁለቱም ዳር የሚወለደው በእሷ እጅ ነው። በዚያ ዓመት በሰኔ ሚካኤል ረፋዱ ላይ፣ የጥቁር አፈሩ ጭቃ ሹም የልንገረው ምራት ከሌሊት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት የሚል ጥሪ ከማዶ መጣ። ትርንጎ ነጠላዋን ከወገቧ አስራ ወደ ገደሉ ስትወርድ፣ ጭቃ ሹሞቹ ከዳር ዳር ይጯጯሃሉ። የቀይ አፈሩ ጭቃ ሹም፣ ስማቸው የሚባለው፣ «ጎተራው እየጎደለ ነው፤ በየዳሩ አራት ሳቢ ይበቃል» ይላል። ልንገረው «ወንዙ እየሞላ ነው፤ ስድስት ከነበረ ስድስት ይሁን» ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ጎተራውም ጎድሏል፤ ወንዙም ሞልቷል።

«እመት ትርንጎ፣ ደወሉ ሊደርስ ነው፤ ትንሽ ይቆዩ» አላት ጠፍሩን የሚያስረው።

«ልጅ ደወል ሰምቶ ይወጣል እንዴ? እሰረኝ ባክህ። ይጮሃሉ እንጂ ይታረቃሉ።»

ታሰረች። ማዶ ሳበ፣ ወዲህ ለቀቀ። ከመሀል ትንሽ እልፍ እንዳለች ደወሉ ደወለ።

መጀመሪያ አላመነችም። መሳቢያው ቆመ፤ ቀለበቱ ቆመ። ወደ ኋላዋ ስትዞር የቀይ አፈር ሳቢዎች መሳቢያውን ከካስማ ያስራሉ። ወደ ፊቷ ስታይ የማዶዎቹም ያስራሉ። ከእግሯ በታች ወንዙ እንደ በሬ ያጓራል፤ የደፈረሰው ውሃ ግንድ ከነሥሩ ይዞ ይሄዳል። ከራሷ በላይ አንድ ነገር ጧ አለ። ቀና ስትል ከወፍራሙ ገመድ ጉንጉኖች አንዱ ተበጥሶ እንደ ተቆጣ ድመት ፀጉር ቆሟል። የአምና ገመድ ነው። መለወጥ የነበረበት ዛሬ ነው።

ስንቷን ሴት «አይዞሽ፣ ማርያም ትቅረብሽ» ብላ ያዋለደች ሴት፣ አሁን አይዞሽ የሚላት አጣች። «ማርያም፣ ማርያም» አለች ለራሷ። ከዚያ ጮኸች።

«ስማቸው! አሁን ፍታኝ!»

«ማዶው አራት ይበልና እፈታለሁ! እኔ አላንጠለጠልሁሽም እመት ትርንጎ፤ ሕጉ ነው!»

«እንግዲያ ሕጉ ይምጣና በጠፍሩ ይተካኝ!»

ወደ ማዶ ዞረች። «ልንገረው! እናቴ እናትህን ስታዋልድ ኩራዝ ያዧ እኔ ነበርሁ! በራስህ ሳይሆን በእግርህ ነው የመጣኸው፤ ያኔም አልወጣም ብለህ እናትህን ሁለት ቀን አስጨንቀሃታል! ዛሬ እንኳ እሺ በል!»

ከሁለቱም ዳር ሳቅ ተሰማ። ሁለተኛው ጉንጉን ሲበጠስ ሳቁ ቀጥ አለ።

የልንገረው ልጅ ከአባቱ እግር ሥር ወደቀ። «አባቴ፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው። አራት በላቸውና ትሻገርልኝ።»

ልንገረው ምራቱን ይወዳታል፤ መንደሩም ይህን ያውቃል። ግን አንገቱን ነቀነቀ። «ሰው አንጠልጥሎ ገበያ የለም፣ ልጄ። ዛሬ በአንዲት ትርንጎ ከተገዛሁ፣ ለከርሞ ሁለት ያንጠለጥላሉ። ለከርሞ ያንተን ልጅ ያንጠለጥላሉ።» ይህን ብሎ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣ፤ የጎተራውን ቁልፍ ከአንገቱ በጥሶ ከፍ አደረገው። «ስማቸው! የምትፈልገው ይኸን ነው?» ወረወረው። ትርንጎ ቁልፉ ከእግሯ ሥር ሲያልፍ አየችው፤ አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ወንዙ ዋጠው። «አሁን ጎተራው አይከፈትም፤ አራትም የለም፣ ስድስትም የለም! ምን ይዘህ ነው የምትደራደር?»

ትርንጎ እስከዚያ ድረስ፣ በልቧ ጥግ፣ ከሁለቱ አንዱ ቀልዱን ነው ብላ ነበር። አሁን ማንም እንደማይቀልድ ገባት።

በቀይ አፈር በኩል ጩኸት ሆነ። «እንዳትፈታ! አብዷል፤ እብድን ከፈራን አለቀልን!» የስማቸው ወንድም ክንዱን ያዘው። ስማቸው ሽቅብ ገመዱን፣ ቁልቁል ውሃውን አየ። ወንድሙን ገፍቶ ከካስማው ፊት ተንበረከከ። ቋጠሮውን ፈታ። «ምንም አላገኘሁም፤ ግን ፈታሁ» አለ። «እግዜር ይይልኝ።» ያን ጊዜ የገዛ መንደሩ ሰው የሹመቱን ካባ ከትከሻው ገፈፈው። አንዲት አሮጊት «ሸጠኸናል» ብላ ምራቋን ተፋች።

የኋላው መሳቢያ ላላ። ትርንጎ ክንድ ያህል ወደ ታች ሸርተት አለችና ነፍሷ በአፏ ልትወጣ ደረሰች። አሁን ማዶው መሳብ ነበረበት። የማዶው ሳቢዎች ግን ልንገረውን አዩ። ልንገረው ደግሞ ሽቅብ በአፋፉ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን አየ። «ሕግ ሕግ ነው። ቄሱ መስቀሉን ይዘው ይውረዱ፤ አሁኑኑ እንምላለን!» አለ። ቄሱም ገደሉን እያዘገሙ መውረድ ጀመሩ። ሽማግሌ ናቸው።

የማዶው ሳቢዎች አለቃ ቢረሳው የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። ሦስተኛው ጉንጉን ሲበጠስ ሰማ። «ቄሱ እስኪወርዱ እሷ ትወርዳለች» አለና ከካስማው መሳቢያውን ፈታ።

«ቢረሳው! ትባረራለህ!» አለ ልንገረው።

«ልባረር።»

ሌሎቹ ሳቢዎች አላገዙትም። እግሩን ከዓለቱ አስደግፎ ብቻውን ሳበ። መዳፉ ተላጠ፤ መሳቢያው ደም በደም ሆነ። አራት ወይስ ስድስት እየተባለ ነገር የከረረበትን ገመድ አንድ ሰው ሳበው። ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና ነበር። እግሯ ዓለት ሲነካ ገለጠችው። ከጠፍሩ ወጥታ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ወፍራሙ ገመድ እንደ ጥይት ጮኾ ለሁለት ሆነ።

ቁጭ አላለችም። «ምጥ የያዛት የታለች?» አለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትየዋም ዳነች።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር።

የጎተራው በር ያለ ሁለተኛው ቁልፍ እንቢ አለ፤ ሲሰበር የክረምቱ ዝናብ ገባበት፤ እህሉ እኩሌታው በሰበሰ። ሁለቱም መንደር ቀበቶውን አጠበቀ። ወንዙ ጋብ ባለ ጊዜ፣ ክር በወንጭፍ ወርውረው አዲስ ገመድ ዘረጉ። በማግስቱ፣ የወዲያው መሳቢያ ገና ከካስማ ሳይታሰር፣ የጥቁር አፈር ጎረምሶች ከቀይ አፈር ዳር አንዲት በቅሎ ያለ ቃል ኪዳን ጎትተው አመጡ። ሲቆጧቸው «ቢረሳው ስቦ የለም እንዴ? እሱ ሲስብ ጀግና፣ እኛ ስንስብ ሌባ?» አሉ።

የሁለቱ መንደር ሽማግሌዎች ደነገጡ፤ መከሩ። ከእንግዲህ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ለሁለት አይከፈል፤ አንድ የገመድ አባት ይሁን፤ ያም ሰው ትርንጎን ካዳኑት አንዱ ይሁን አሉ። ማን እንዳዳናት ግን ሊስማሙ አልቻሉም። በመጨረሻ «መሀል የቀረችው እሷ ናት፤ እሷ ትፍረድ» ብለው በአዲሱ ገመድ ሥር ሰበሰቧት። ትርንጎ ለመሻገር በጠፍር ታስራ ቆማለች፤ ቤቷ ማዶ ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ ቤቷን አላየችም። በምትመርጠው ሰው ቃል የመጀመሪያዋ ተሻጋሪ እሷው ናት።

ስማቸው ካባ ሳይደርብ ከማዶ ጮኸ። «የፈታሁ እኔ ነኝ! ሹመቴን፣ ክብሬን ጥዬ ፈታሁ!»

«ያሰረኝስ ማን ነው?» አለች ትርንጎ። «እኔው» አለ ስማቸው። «ስለዚህም የመፍታትን ዋጋ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።»

ልንገረው የልጅ ልጁን ታቅፎ መጣ። «እኔ ባልጠነክር ስማቸው አይፈታም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ የሚሞክር ሰውም አይኖርም። ጎተራው ቢበሰብስ እህል ነው፤ ይዘራል።»

«ስማቸውም እንዳንተ አልወጣም ብሎ በእግሩ የመጣ ቢሆንስ ኖሮ?» አለችው።

«ያን ጊዜ» አለ ልንገረው፣ ዓይኑን ከሕፃኗ ሳያነሳ፣ «አንቺንም ይህችንም እቀብር ነበር። አውቄው ነው።»

ቢረሳው ከሩቅ ቆሟል፤ ስንቁን ተሸክሟል፤ ክረምቱ ሲያልፍ እንዲወጣ ሕጉ ፈርዶበታል። ና ሲሉት መጣ። የመዳፉ ጠባሳ ገና ቀይ ነው። «እኔ ሳብሁ እንጂ ሌላ አላውቅም» አለ።

«ባለበቅሎው ያለቅሳል፣ ቢረሳው» አለችው ትርንጎ።

«ሰምቻለሁ። የከፈትሁት በር ነው። አንቺ ብትንጠለጠዪ ግን ነገም እስባለሁ።»

ትርንጎ የአዲሱን መሳቢያ ጫፍ በእጇ ይዛ ቆመች። ቀና ብላ ገመዱን አየች፤ ጠንካራ ነው። ዝቅ ብላ ውሃውን አየች። አዲስ ገመድም እንደሚያረጅ፣ ሰኔም ተመልሶ እንደሚመጣ ታውቃለች። ያሰረና የፈታ አለ። እሷን አስይዞ የጠነከረ አለ። ያዳናትና ሕጉን የሰበረ አለ። አንዱን ስትመርጥ የሁለቱን ሥራ ትጥላለች፤ የአንዱን ግን ለዘላለም ሕግ አድርጋ ታጸናዋለች። ላይ በአፋፉ ቄሰ ገበዙ የደወሉን ገመድ ይዞ ይጠብቃል።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ነገ ልጃችሁን በዚያ ገመድ የምትሰዱ፣ ፍረዱ፦ ትርንጎ የገመዱን ጫፍ በማን እጅ ታኑር?