ግማሹ ቦይ

አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ዳር የሚኖር። ማዶ ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ዘርአጽዮን ይኖራል። በመካከላቸው ያለውን ቦታ የአገሩ ሰው “የወንዙ አፍ” ይለዋል።

ይህ አፍ በየበጋው ይዘጋል። ወንዙ ሲደክም ማዕበሉ አሸዋ እየገፋ ይደፍነዋል። ታዲያ ወንድማማቾቹ አካፋ ይዘው፣ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ፣ ቦይ ይቆፍራሉ። መካከል ላይ ሲገናኙ ውኃው ይለቀቃል። ያደጉት ዓሦች እንቁላል ሊጥሉ ወደ ባሕር ይወጣሉ፤ ትንንሾቹ ሊያድጉ ይገባሉ።

አንድ ዓመት ተጣሉ። በምን? በተቀደደ መረብ! “አንተ ነህ የቀደድከው።” “አንተ ነህ እንጂ!” ከዚያ ወዲያ ኩርፊያ። ኩርፊያን አታውቁትም? እንዴት አታውቁትም!

በጋ ሆነ፤ አፉ ተዘጋ። ሰውዬው ያያል፤ ትልልቆቹ ዓሦች አሸዋው ሥር ተከማችተዋል። ማዕበል ተሻግሮ ጥቂት የጨው ውኃ ባፈሰሰባቸው ቁጥር ይተራመሳሉ። ባሕሩ እኮ እዚያው ነው! ድምፁ ይሰማል!

ሚስቱ ትብለጽ፣ “ኧረ ተው፣ ሄደህ አናግረው። ወንድምህ እኮ ነው” ትለዋለች።

“ታላቁ እኔ ነኝ። እሱ ይምጣ።”

“ውኃው መሽተት ጀምሯል።”

“ይሽተት!”

ይህን ብሎ ለወንዙ አፍ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ለራሱ ግን፣ ነገ እሄዳለሁ ይላል። ነገም፣ ነገ ይላል።

አንድ ጠዋት ውኃው ነጭ ሆኖ አገኘው። የዓሣ ሆድ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። እንቁላላቸውን እንደያዙ አልቀዋል።

ያኔ አካፋውን አንሥቶ ሮጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አሉ! እየቆፈረ “ዘርአጽዮን! ዘርአጽዮን!” እያለ ይጣራል። መካከል ሲደርስ የተቆፈረ ቦይ አገኘ፤ ከማዶ ተነሥቶ እዚያ ላይ የቆመ። ዘርአጽዮን ድርሻውን ቆፍሮ ነበር። ግን እሱም ቢሆን፣ ቆፈርኩ ብሎ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ውኃው ተለቀቀ። ዓሦቹም ባሕሩን አገኙት፤ ሞተው።

ሰውዬው ተሻግሮ ሄደ። የወንድሙ በር ላይ የሸረሪት ድር ተዘርግቷል። አንዲት ጎረቤት ብቅ ብላ፣ “ሄዷል እኮ! ‘ወንድሜን ብዙ ጠበቅኩት’ ብሎ ነው የሄደው። ወዴት እንደሆነ አልነገረንም” አለችው።

ወገኖቼ፣ ተጽናና ብዬ ልነግራችሁ በወደድኩ። አልተጽናናም። በየበጋው ለብቻው ይቆፍራል፤ መካከል ሲደርስ ቆሞ ማዶ ያያል።

እናንተስ? እዚህ አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጣችሁ፣ ከወዲያ በኩል ካለው ወንድማችሁ ጋር የማትተያዩ የላችሁም? “እሱ ይምጣ” የምትሉ፣ “እሷ ትቅደም” የምትሉ የላችሁም? ዝምታ ወርቅ ነው ትላላችሁ። በዚህ ወርቅ ሥር ስንት ነገር እየሸተተ ነው! ምናልባት ያ ሰው ግማሹን ቆፍሮ እየጠበቃችሁ ነው። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ በምን ታውቃላችሁ?

እስቲ ዘወር በሉ። ማዶ ያለው ሰው ገና አልሄደ እንደሆነ እዩ።