ኮራሉን ያስከፈተው ማን ነው?

በአንድ ወቅት፣ ድሬዳዋ ሞቃት በነበረችበት ጊዜ (ያልሞቀችበት ጊዜ ካለ ንገሩኝ)፣ አቶ ዘርጋው የሚባሉ ጡረታ የወጡ መርከበኛ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ብቻቸውን መኖር አቅቷቸዋል። ሦስቱ ልጆቻቸው «እኔ ጋ ይምጡ፣ እኔ ጋ» እያሉ ሲጎትቷቸው ማንን አስደስተው ማንን እንደሚያስቀይሙ ጨነቃቸው።

በዚህ መሀል የድሮ ባልንጀራቸው ከጅቡቲ በባቡር ስጦታ ላከላቸው፦ በባሕር ውሃ በተሞላ ጄሪካን ውስጥ የተቀመጠ፣ አውራ ጣት የሚያህል ኮራል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ ግን ሕይወት አለው። ሲመቸው ከላዩ ላይ ጥቃቅን ጣቶች አውጥቶ እንደ አበባ ይከፈታል። አቶ ዘርጋው በወጣትነታቸው ባሕር ውስጥ ጠልቀው ይህን አይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ በሕልማቸው የሚመጣው እሱ ነው። በአልጋቸው አጠገብ የመስታወት ገንዳ አስቀምጠው ኮራሉን ከተቱበት። እሱ ግን እንደተዘጋ ቀረ።

ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። «ይህን ያስከፈተልኝ ኮራሉን ይወስዳል። እኔም አብሬው እሄዳለሁ» አሉ።

ታላቋ ተናኘ ፎቶ ቤት አላት፤ ብርሃን ታውቃለች።

«አባባ፣ ይሄ ነገር የሚኖረው ምን ያህል ጥልቀት ላይ ነው?»

«አራት ሰው ቢደራረብ ነው።»

«ብርሃኑስ ምን ይመስላል?»

«ሰማያዊ፣ ልጄ። ተኝተሽ የምታዪው ዓይነት ሰማያዊ።»

ሰማያዊ የሚያመዝንበት መብራት አመጣች። በአንዴ ቢበራበት ነጥቶ እንደሚሞት ስለገባት ከጣሪያው ሥር ሰቀለችው። በየቀኑ አንዲት ጣት እያወረደች አርባ ቀን ፈጀች፤ ደንበኞቿ ከተዘጋ በር እየተመለሱ ለሌላ ፎቶ ቤት ሲሳይ ሆኑ። ግራጫው ኮራል ወይን ጠጅ መሰለ። አልተከፈተም እንጂ።

መካከለኛው ልዑልሰገድ የማንጎ እርሻ ያጠጣል፤ ውሃ ያውቃል። «በቆመ ውሃ ውስጥ ማን ይኖራል?» ብሎ ፓምፕ ገጠመ። ውሃው በአንድ ወገን ብቻ ሲመታው የኮራሉ ጎን ተላጠ። ልዑልሰገድ ትልቅ ሰው ነው፤ አለቀሰ። ከዚያ ሌላ ፓምፕ ከፊት ለፊት ገጥሞ ተራ በተራ እንዲገፉ አደረገ። በምን ያህል ፍጥነት? አባቱ ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ትንፋሻቸውን ቆጠረ፤ ፓምፖቹንም በዚያው ልክ አስተካከለ። በገንዳው ውስጥ ያለው ባሕር ከአቶ ዘርጋው ጋር መተንፈስ ጀመረ። የኮራሉ ቁስል ዳነ። አሁንም አልተከፈተም።

ታናሿ እጥፍወርቅ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ስለ መብራትም ስለ ፓምፕም አታውቅም፤ ሕፃናት ማስተኛት ግን ታውቃለች። ሁለት ሳምንት ዝም ብላ አየች። ድሬዳዋ ውስጥ የታመመና የደከመ ሰው የሚጠየቀው ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አመሻሽ ላይ ነው። እንግዳ ደግሞ ጨለማ ውስጥ አይቀመጥም። ስለዚህ ገና ሲመሽ የቤቱ መብራት ሁሉ ይበራል፤ ጠያቂ እንዲያየው የኮራሉም ይደምቃል፤ ጠያቂ ሲወጣ ሁሉም በአንዴ ይጠፋል።

«ይሄ ፍጥረት እዚህ ከገባ አንድ ቀን በወጉ መሽቶለት አያውቅም» አለች።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ በሩን ይዛ ቆመች። ጎረቤታቸው ወይዘሮ መሪማ ሳምቡሳ በሳህን ይዘው መጡ።

«ይቅርታ እማማ፣ ዛሬ ጠያቂ አንቀበልም።»

«ሃያ ዓመት የገባሁበትን ቤት!» አሉና ተቀይመው ተመለሱ፤ ሳምቡሳውም አብሯቸው ሄደ።

እጥፍወርቅ በሩን ዘጋች። የቤቱን መብራት አጠፋች፤ የገንዳውንም ቀስ በቀስ አደበዘዘችው፤ ክር የምታህል ሰማያዊ ብቻ ቀረች።

ያኔ ኮራሉ ተከፈተ። መቶ ጥቃቅን ጣቶች ወጥተው በውሃው ትንፋሽ ወዲያና ወዲህ ይሉ ጀመር። አቶ ዘርጋው እንደ ልጅ ሳቁ፤ እንባቸውም ወረደ።

«እሱ ነው» አሉ። «ራሱ ነው።»

ከዚያ ጭቅጭቁ መጣ።

«እኔ ባልኖር በስንተኛው ቀን በሞተ!» አለች ተናኘ።

«አሁን የሚወዛወዘው በማን ውሃ ነው?» አለ ልዑልሰገድ።

«እናንተ ስትደክሙለት ከረማችሁ» አለች እጥፍወርቅ፣ «እንዲያርፍ የተውኩት እኔ ነኝ።»

«በቃ፣ ቆርጠን እንካፈለው» አለ ልዑልሰገድ። «ኮራል ሲቆረጥም ይበቅላል።»

«አባባስ?» አለች ተናኘ።

ሽማግሌው ሻንጣቸውን ዘግተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቃል ሰጥተዋልና ከሦስት በሮች አንዱን ማንኳኳት አለባቸው፤ ዓይናቸው ግን ከገንዳው አልተነሳም። እኔ ፍርዱን አልችለውም፤ ለእናንተ ትቼዋለሁ። ኮራሉ ለማን ይገባል? እናንተስ ጉልበት ሲከዳችሁ ማደር የምትፈልጉት ብርሃኑን በጣት እየለካች በምትሰጣችሁ ቤት ነው፣ ትንፋሻችሁን በሚቆጥርላችሁ ቤት ነው፣ ወይስ ሰው ተቀየመ አልተቀየመ በሩን በምትዘጋላችሁ ቤት?