ጌጡ ይሙት

በአንድ ወቅት፣ ከዛሬ ብዙም በማይርቅ ዘመን፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሠርግ በተጣለ ድንኳን ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዱ የሙሽራዋ እናት ወንበር ነው፤ እሷም ተቀምጣበታለች። ሌላው የአባትየው ነው፤ አባትየው ግን ከሞተ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ሙሽራዋ ከቤት ከመውጣቷ በፊት የሁለቱንም ጉልበት ስማ መመረቅ ስላለባት ወንበሩ ሰው ይፈልጋል። ሰው ደግሞ አልጠፋም። የአባቷ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህቱ፣ ሦስቱም ይገባኛል ይላሉ። የትኛው እንደሚገባው ለመፍረድ የአንድ እሁድ ሽርሽር መስማት አለባችሁ። የሚያስደስት ሽርሽር እንዳይመስላችሁ ግን።

ሙሽራዋ ውዳሴ ትባላለች። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ጌጡ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር በወር ውስጥ እቤቱ የሚያድረው ጥቂት ቀን ነው። አዲስ አበባ ወዳለው የመጫወቻ ፓርክ ሊወስዳት ሦስት ጊዜ ቀጥሯት፣ ሦስቱንም ጊዜ ጭነት መጥቶበት ቀርቷል። በአራተኛው ልጅቱ ነቃች። ከደብተሯ አንድ ገጽ ገንጥላ አመጣችና «ጻፍ» አለችው።

ጌጡ ጻፈ። የጻፈውም እንደ ሾፌር ነው። «12 ሰዓት መነሻ። ሸኖ ሽንት። ሰንዳፋ ሻይ። 3 ሰዓት ተኩል ፓርኩ በር። መጀመሪያ ጎማው፣ ቀጥሎ የሚጋጩት መኪናዎች። ምሳ ድፎ ዳቦና እንቁላል ከቤት።» ጎማው የሚለው ሰው አሳፍሮ የሚዞረውን ትልቁን ሽክርክሪት ነው፤ እሱ ክብ ነገር ሁሉ ጎማ ነበር የሚመስለው።

ልጅቱ አነበበችና «አንድ ነገር ይቀራል» አለች።

«ምን ቀረ?»

«አንተ ከቀረህስ?»

ጌጡ ከት ብሎ ሳቀ። ከሥር «አባባ ባይመጣም እንሄዳለን» ብሎ ጨመረና ፈረመበት። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ቀኑ የዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ሆነ።

ቅዳሜ ሊገባ ነበር። በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአፋር ወዲህ ባለ አንድ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገለበጠበትና እዚያው ሞተ።

ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ታላቅ ወንድሙ መምህር ባዩ ዘንድ ነው። ባዩ ታናናሾቹን ደመላሽንና አስካለን ጠርቶ በሩን ዘጋና ነገራቸው። ጎረቤት እንዳይሰማ ሦስቱም ትራስ እየነከሱ አለቀሱ። በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርማ። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ንጋት ይጠበቃል፣ ሽማግሌ ይላካል። ከሁሉም መጨረሻ የሚሰማው ባለቤቱ ነው። ደግ ልማድ ነው ይባላል። እኔ ደግነቱ ለማን እንደሆነ ሁልጊዜ አይገለጥልኝም።

«ሬሳው ነገ ማታ ነው የሚደርሰው፤ መርዶው ሰኞ ንጋት ይሁን» አለ ባዩ።

«እሁድስ?» አለች አስካለ።

«እሁድ ልጅቱ ፓርክ ትሄዳለች። አባቷ ፈርሞላታል።»

«ጋሼ፣ ወንድማችን ሞቶ?»

«ለማልቀስ ዕድሜያቸውን ሙሉ አላቸው። ለመሳቅ የቀረቻቸው ነገ ብቻ ናት።»

ታላቅ ነውና እሺ አሉት። ደመላሽ ሬሳውን ሊያመጣ በዚያው ሰዓት ተነሣ። ባዩና አስካለ ከእናትና ልጁ ጋር ፓርክ ሊሄዱ ቀሩ።

እሁድ ንጋት የጌጡ ሚስት ትርንጎ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ እንቁላሉን ቀቅላ፣ ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልላ ነበር። ሚኒባሱ በር ላይ ቆሟል። ውዳሴ ወረቀቷን ከግድግዳው ገንጥላ የፊት ወንበር ላይ ተሰይማለች። ትርንጎ ግን እግሯን አላነሣም። ከትናንት ጀምሮ ብትደውል ብትደውል ባሏ አያነሣም።

«ካላናገረኝ ንቅንቅ አልልም» አለች። ከዚያ ወደ ባዩ ዞረች። «ጋሼ ባዩ፣ ደህና ነው? እስቲ ጌጡ ይሙት ይበሉኝ።»

ይህን ቃል በቀን ስንቴ እንደምንለው ታውቃላችሁ። ለቡናም ለጨዋታም እንምልበታለን። ባዩ ግን በዕድሜው ምሎ የማያውቅ፣ ተማሪዎቹን ሲምሉ ቢሰማ የሚቀጣ ሰው ነበር። ወረቀቱን ይዛ የምትጠብቀውን ልጅ በመስኮቱ አያት።

«ጌጡ ይሙት፣ ደህና ነው» አለ።

ያም ሆኖ የትርንጎ ልብ አልረጋም። «ራሱ ይንገረኝ» አለች። ባዩ ከአጥሩ ጀርባ ሄዶ ለደመላሽ ደወለና «የሆነ ነገር አድርግ፣ ልጅቱ ልትቀር ነው» አለው።

ደመላሽ በዚያ ሰዓት አንዲት የመንገድ ከተማ ውስጥ፣ በተገነዘው ወንድሙ ራስጌ ቆሞ ነበር። የጌጡ ስልክ ኪሱ ውስጥ ናት። ትርንጎ ስትደውል እየጮኸች፣ እሱ እያያት፣ ዐሥራ አንድ ጊዜ ጠርታ ዘግታለች። አውጥቶ ያዛት። ወንድሙ እንዴት እንደሚያወራ፣ ሚስቱን በምን እንደሚያሾፍባት ያውቃል። እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ኔትወርኩ አያስወራም እንጂ ትርንጎ ትሙት ደህና ነኝ። እንዳትቀሩ። ውዳሴ ጎማው ጫፍ ስትደርስ ወደ እኔ ታውለብልብልኝ።»

ትርንጎ አነበበችው። ለልጇም ጮክ ብላ አነበበችላት። «ይኸው፣ ራሱ ነው! ጎማ የሚለው እሱ ብቻ ነው» ብላ ስቃ ወጣች። መኪናው ተነሣ። ሸኖ ቆሙ፣ ሰንዳፋ ሻይ ጠጡ፤ ሁሉም እንደ ወረቀቱ ሆነ። ባዩ መንገዱን ሙሉ ለልጅቱ ተረት ሲያወራ ሄደ። አስካለ ግን አንድ ቃል አልወጣትም።

የሽክርክሪቱ ሰልፍ ረጅም ነበር። ተራቸው ሲቃረብ ትርንጎ አስካለን አየቻት። «ምነው አንቺ፣ ከጠዋት ጀምሮ ፊትሽ ጠቁሯል?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ጌጡ ይሙት?»

ለመጠየቅ ያህል ነው የጠየቀችው። አስካለ አፏን ከፈተች። ከወንድሟ ስም በኋላ ያለው ቃል አልወጣ አላት። የትርንጎን እጅ ይዛ ውሃ ቧንቧው ጋ ወሰደቻትና «ትርንጎዬ፣ ሞቷል። ትናንት» አለቻት።

«መልእክቱስ?»

«ደመላሽ ነው።»

ትርንጎ አልጮኸችም። ቧንቧውን ከፍታ ፊቷን ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። «ልጅቱ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው ተራችን እንዳያልፍ» አለችና ወደ ሰልፉ ተመለሰች።

እናትና ልጅ አንድ ወንበር ላይ ተሳፈሩ። ጫፍ ሲደርሱ ውዳሴ የእናቷን ቢጫ ሻሽ ከራሷ ላይ ፈታች። «አባባ በየት በኩል ነው ያለው?» ትርንጎ የመጡበትን መንገድ በጣቷ አሳየቻት። ልጅቱ ሻሹን አውለበለበች፤ ክንዷ እስኪዝል አውለበለበች። ሬሳውን የያዘው መኪና በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር።

«እማዬ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?»

«ከፍታው አስፈርቶኝ ነው።»

«አትፍሪ፣ እኔ ይዤሻለሁ።»

ትርንጎ ከዚያ ወርዳ የሚጋጩት መኪናዎች ላይ ተሳፈረች፤ እንቁላል ላጠች፤ ልጇ ስትስቅ ሳቀች። ሰኞ ንጋት ሽማግሌዎቹ በር ሲያንኳኩ ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኟት። የመጡበትን ነገር መናገር አላስፈለጋቸውም። ባዩ አስካለን አያት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለብዙ ዓመት ሰላምታ አልነበራቸውም።

ውዳሴ ያቺን መልእክት የአባቴ የመጨረሻ ቃል ናት ብላ አደገች። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን መቃብሩ ላይ ቆማ ሐውልቱን አነበበች። የሞተበት ቀን ቅዳሜ ይላል። መልእክቷ የእሁድ ናት። እናቷን ጠየቀች፣ እናቷም ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቱ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። መልእክቷን ግን አላጠፋችም።

እንግዲህ ዛሬ ሠርጓ ነው፤ ሦስቱም ከባዶው ወንበር አጠገብ ቆመዋል።

ባዩ አርጅቷል። በዚያ እሁድ ምክንያት አገሩ «ወንድሙ ሞቶ ሲጫወት ዋለ» ብሎ አምቶታል። በዚያ መሐላ ንስሐ ገብቶ የነፍስ አባቱ ቢፈቱትም እሱ ራሱን አልፈታም፤ እስከ ዛሬ አልቆረበም። «አራተኛውን ቀጠሮ ያስከበርኩላት እኔ ነኝ» ይላል። «እኔ ባልኖር አባቷን የምታስበው ቃሉን እንዳጠፈ ሰው ነበር።» እውነቱን ነው። ግን ቀጠሮውን ያስከበረው በሬሳ ምሎ ነው።

ደመላሽ ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጮኽ ይደነግጣል፤ ልጆቹ ናቸው የሚያነሡለት። «ወንድሜን አቅፌ ያመጣሁት እኔ ነኝ» ይላል። «ያን ቃል ሐሰት ነው አትበሉኝ። እሱ በሕይወት ቢኖር ያንኑ ነበር የሚላት።» ይህም እውነት ነው። ግን የሙት አፍ ተውሶ፣ በመበለቲቱ ሕይወት ምሎ ነው የጻፈው።

አስካለን ዘመዱ ሁሉ «መርዶ አፍርሳ፣ ከሽማግሌ ቀድማ» እያለ አግልሏት ነው የኖረው። ሴት በአባት ወንበር ትቀመጣለች ወይ የሚልም አልጠፋም። «ባልነግራት ኖሮ ትርንጎ የዚያን ቀን ሳቋን እስክትሞት ታፍርበት ነበር» ትላለች። «ስለነገርኳት ግን ለልጇ ብላ ሳቀች። ሳቁ የራሷ ሆነ።» እሷም ልክ ናት። ግን ያን ሁሉ ሸክም ከደረቷ አውርዳ በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ጭናው ከሽክርክሪቱ ሥር ቆማ ቀረች።

ሽማግሌዎቹ ቢቸግራቸው ትርንጎን ጠየቋት።

«ያን ቀን ሦስቱም ስለ እኔ ወሰኑ» አለች፣ ዓይኗን ከወንበሩ ሳትነቅል። «ዛሬ እኔ ስለማንም አልወስንም።»

ውጭ የሙሽራው መኪናዎች ጡሩምባ ያሰማሉ። ውዳሴ ነጭ ለብሳ ከጓዳ ወጥታለች። እጇ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈች፣ ቢጫ የሆነች የደብተር ወረቀት አለች። የእናቷን ጉልበት ሳመች። ቀና ብላ ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸውና ሽማግሌዎቹ እስኪፈርዱ ቆመች። እነሱ ግን ፍርዱን አንዱ ለአንዱ ይገፉ ጀመር።

እናንተው ፍረዱላት። ስትከራከሩ አደራ፣ በማንም ስም አትማሉ። በጌጡ ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ?