እምብርት ያላለፈው ሹራብ

ባለሀብቱ አቶ ይልቃል ለሰፈሩ ድሃ ልጆች ሹራብ ሲያድሉ፣ ከሹራቡ ይልቅ ካሜራው ይበዛ ነበር። ሹራቡ የጨቅላ ልክ ስለሆነ የአንዱንም ልጅ እምብርት አልሸፈነም። እሳቸው ምን ቸገራቸው! ምላሷ የማያርፈዋን የሰፈሩን ልብስ አጣቢ መድረክ ላይ አስወጥተው፣ «ልጆችሽ ለብሰዋል፤ ካሜራው እያየ መርቂኝ! እምቢ ካልሽ አስወልቃቸዋለሁ» አሏት።

ሴትዮዋ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «እነዚህን ልጆች እንዳለበሱ፣ እርስዎንም እግዜር ልክ እንደዚሁ ያልብስዎ!»

«አሜን!» አሉ አቶ ይልቃል ከሁሉም ቀድመው። ሕዝቡም እየተንከተከተ «አሜን!» አለ። ያኔ ዓይናቸው በተደረደረው እምብርት ላይ አረፈ፤ ደንግጠው ሆዳቸውን በኮታቸው ሸፈኑ።

«አንቺ ሴት! ምርቃትሽን መልሺ!»

«አሜን የተባለበት ምርቃት አይመለስም ጌታዬ» አለች፤ «ሹራቡን ግን መቀየር ይቻላል።»