«አልነጋም» ያለው ልጅ

አንድ ሰው ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣ ቆርጦ ተነሣ። ስሙኝማ። ልጁ አጥፍቶ አይደለም፣ ታሞም አይደለም። ሱሪው በጭቃ ተለውሶ፣ ኪሱ ጠጠር ሞልቶ፣ እየሳቀ ወደ ቤት እየመጣ ስላስቸገረው ነው።

ሰውዬውን አቶ ዘለቀ እንበለው። አሰላ ከተማ ውስጥ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል፤ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ። ጠንካራ ሠራተኛ ነው። ሱቁን ከጎረቤቶቹ ሁሉ ቀድሞ ይከፍታል፣ ከሁሉም በኋላ ይዘጋል። ያለው ልጅ አንድ ብቻ ነው፤ ባሮክ ይባላል፣ አምስት ዓመቱ ነው። አባትየው ለዚህ ልጅ ያለው ምኞት በአንድ ቃል ያልቃል፦ አንደኛ። በሩጫ አንደኛ፣ በፊደል አንደኛ፣ ምሳ ሲበላ እንኳ ሳህኑን ቀድሞ በመጨረስ አንደኛ። «የዘለቀ ልጅ ከኋላ አይገኝም» ይላል።

እናንተስ እንዲህ ብላችሁ አታውቁም? እጃችሁን አታውጡ፤ አላስገድዳችሁም።

አባት ከሱቅ ሲገባ ልጁን ይጠይቃል።

«ዛሬ ምን ተማርክ?»

«ተጫወትን።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ለጋሽ ቱፋ ችግኙን ውሃ አጠጣንለት።» ጋሽ ቱፋ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንደገና ተጫወትን!»

እናትየው እጅጋየሁ ሳቋ እንዳይታይ ፊቷን አዞረች። አባትየው አልሳቀም። ምን ያስቀዋል? የጎረቤቱ ልጅ በዚሁ ዕድሜው የእንግሊዝኛውን ፊደል በቃሉ ይወርደዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበር ላይ ያቆሙትና ያነበንባል፤ እንግዳው ያጨበጭባል። የዘለቀ ልጅ ወንበር ላይ ቢወጣ ምን ሊል ነው? ችግኝ አጠጣሁ?

«እኔ አትክልተኛ እንዲሆን ነው እንዴ የላክሁት?» አላት ሚስቱን።

«ልጅ እኮ ነው፣ ይጫወት እንጂ።»

«ጨዋታማ እዚህ ደጅም ሞልቷል!»

እንዲህ እየተባባሉ ከረሙ። በመጨረሻ ነገሩን ያፈነዳው አንድ የራት ሰዓት ወሬ ነው። የልጆቹ መምህርት ውብዓለም በየሳምንቱ አንድ የደግነት ሥራ ትሰጣቸው ነበር። አንዱን ሳምንት ለታመመ ጓደኛቸው ሥዕል ይስላሉ፤ ሌላውን ሳምንት ዕቃ የበዛባትን የጽዳት ሠራተኛ ያግዛሉ። የዚያ ሳምንት ሥራ ደግሞ እንዲህ የሚል ነበር፦ ጨዋታ የሚያቅተው ጓደኛ ካላችሁ፣ ጨዋታውን ለእሱ እንዲመች አድርጉት።

«አንተስ ምን አደረግህ?» አለ አባት።

ባሮክ ደረቱን ነፋ። «እኔማ አኩኩሉ ስንጫወት ቶሎ እያዛለሁ!»

«ሆን ብለህ?»

«አዎ! ሆን ብዬ!»

እዚህ ላይ አባትየው «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። አንዲት ቃል ናት፤ አልጠየቀም። ደሙ ፈልቶ ነበር። ልጄን መሸነፍ አስተማሩት አለ። ነገውኑ አስወጣዋለሁ አለ። እጅጋየሁ ብትለው ብትሠራው አልሰማትም።

በማግስቱ ሱቁን ለሚስቱ ተወና ካፖርቱን ለብሶ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ለዳይሬክተሯ የሚናገረውን እየተለማመደ ነበር። ሲደርስ ዕረፍት ሆኖ ልጆቹ ሜዳ ላይ ፈስሰዋል። ወደ በሩ አልሄደም። መጀመሪያ በዓይኔ ልይና እይዛቸዋለሁ ብሎ የሽቦውን አጥር በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ፤ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ዘልቀው ገብተዋል።

ልጆቹ አኩኩሉ እየተጫወቱ ነው። ከመካከላችሁ አኩኩሉን ያልተጫወተ አለ? የሚፈልገው ዓይኑን ይጨፍንና «አኩኩሉ!» ይላል። ሌሎቹ እየተደበቁ «አልነጋም!» ብለው ይመልሳሉ። ሁሉም ሲደበቅ «ነጋ!» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ የለም። ትንፍሽ ያለ ይያዛል፣ የተያዘም በተራው ይጨፍናል።

የዚያን ዕለት የምትፈልገው ሶልያና የምትባል ልጅ ነበረች። ዓይኗን አልጨፈነችም። መጨፈንም አያስፈልጋትም፤ ሶልያና ከተወለደች ጀምሮ ዓይኗ አያይም።

ምስኪን ናት ብላችሁ እንዳታዝኑላት አደራ! ያቺ ልጅ የሜዳው አለቃ ናት። ወገቧን ይዛ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ «ማን እንደሚያጭበረብር አውቃለሁ!» እያለች ትዝታለች፤ ሁሉም ይሰማታል። ቀድሞ ግን በዕረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጣ የሌሎችን ሩጫ በጆሮዋ ትከተል ነበር። ዝም ያለን ሰው በምን ታገኘዋለች?

«ነጋ!» ተባለ። ሜዳው ጸጥ አለ። ዘለቀ በዓይኑ ልጁን ፈለገ፤ ከውሃው ታንከር ጀርባ እጥፍጥፍ ብሎ ተጋድሟል። ጎበዝ አለ በልቡ፤ እዚያ ማንም አያገኘውም። ባሮክ እቤት ከተደበቀ እናቱ ተንበርክካ እስክትለምነው የማይወጣ ልጅ ነው።

«አኩኩሉ!» አለች ሶልያና፣ ከነጋ በኋላ።

«አልነጋም!» አለ ባሮክ።

አንዴ ተሳስቶ ነው አለ አባት። ሶልያና ፊቷን ወደ ታንከሩ መለሰችና ጥቂት ተራመደች። «አኩኩሉ!»

«አልነጋም!»

አባት አልቻለም። «ባሮክ!» ብሎ ጮኸ፤ «ዝም በል! አትመልስ!»

ያ ድምፅ ሲሚንቶ የሚጭኑትን ሠራተኞች ከመንገድ ማዶ የሚያዝዝ ድምፅ ነው። ልጆቹ ሁሉ ደነገጡ። ሶልያና ብቻ አልደነገጠችም። ዞር አለች፣ እጇን ዘረጋች፣ ወደ አጥሩ ቀጥ ብላ መጣች። ሰውዬው ሊሸሽ ነው ሊቆም ነው እያለ ሲያመነታ ጣቶቹን ከሽቦው ላይ ጥፍር አድርጋ ያዘቻቸው።

«ያዝኩህ!»

ሜዳው በሳቅና በጩኸት ተናወጠ። ሶልያና ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። «ትልቅ ሰው ነህ። የማን አባት ነህ?»

«እኔ እኮ አልተጫወትኩም» አለ ዘለቀ።

«ተናግረሃል። የተናገረ ይያዛል። የተያዘ ይጨፍናል።»

«ልጄ፣ እኔ ሥራ አለብኝ...»

«አጭበርባሪ!» አለች ሶልያና። «አጭበርባሪ! አጭበርባሪ!» አሉ ልጆቹ ተከትለው።

ያን ጊዜ ባሮክ ከታንከሩ ጀርባ እየሮጠ ወጣ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። መሐላቸው ቆመና ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፦ «አባቴ አያጭበረብርም!»

ወገኖቼ፣ ልጁ እንዲህ ሲመሰክርለት የትኛው አባት ወደ ኋላ ይላል? ጋሽ ቱፋ በሩን ከፈቱለት። «ይግቡ እንግዲህ፣ ሕግ ሕግ ነው» አሉት፣ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየሸፈኑ። ውብዓለም ሻርፗን አውልቃ ዓይኑን አሰረችለት። ሶልያና ቋጠሮው መጥበቁን በእጇ አረጋገጠች።

«አኩኩሉ» አለ ዘለቀ፤ አፍሯል፣ ካፖርቱም ሞቆታል።

«አልነጋም!» አሉት ከየአቅጣጫው። ቀጥሎም «ነጋ!» ተባለ፤ ዝም አሉ።

ከዚያ መራመድ ጀመረ። ሱቁ ውስጥ ሚስማሩን በየቁጥሩ ሳያይ የሚያነሣ ሰው፣ አሁን በሩ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋው። እጁን ዘርግቶ አየር ጨበጠ። የዛፍ ሥር አደናቀፈውና በጉልበቱ ወደቀ። አንድ ልጅ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ወዲያው ዝም አለ። ተነሣ፤ ዞረ፤ አሁንማ ጭራሽ የዞረበት አልታወቀውም። ከልጅነቱ ወዲህ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«አኩኩሉ...» አለ እንደገና። ድምፁ ያ የፊተኛው ድምፅ አልነበረም።

ማንም አልመለሰም። ልክ ናቸው፤ ጨዋታው እንደዚያ ነው።

«አኩኩሉ...»

«አልነጋም።»

ቀስ ያለች ድምፅ ናት። በሺህ ድምፅ መካከል ያውቃታል። ወደ እሷ ዞረ።

«አልነጋም» አለች አሁንም። «ድንጋይ አለ አባዬ፣ በዚህ በኩል ና። አልነጋም። አልነጋም።»

ያችን ድምፅ እየተከተለ ሄደ። እጁ ጠጉር ነካ፣ ትንሽ ትከሻ ነካ። ተንበርክኮ አቀፈው። ሻርፑን ቶሎ አልፈታም፤ ከሥሩ እያለቀሰ ነበር፣ ልጆቹ እንዲያዩት አልፈለገም።

«ለምን መለስክ?» አለው በጆሮው። «ተያዝክ እኮ።»

«ሶልያናም ስትጠራ ካልመለስንላት ትፈራለች። አንተም ፈርተህ ነበር።»

«እኔ አልፈራሁም።»

«ፈርተሃል አባዬ። ድምፅህን ሰምቼዋለሁ።»

ውብዓለም መጥታ ከመሬት አነሣችው። «ለምን ጉዳይ ነበር የመጡት?» አለችው በትሕትና።

«ላስወጣው ነበር የመጣሁት» አለ ዘለቀ። ዋሽቶ ማለፍ ይችል ነበር፤ አልዋሸም።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ጉልበቴ ተልጧል። እዚህ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ልያቸው።»

ተቀመጠ። ያ ደረጃ ሶልያና ድሮ ትቀመጥበት የነበረው ነው። አሁን እሷ ሜዳው መሐል ቆማ «አልነጋም!» የሚላትን ታሳድዳለች። ልጆቹ ሁሉ ከባሮክ ተምረው ይመልሱላታል፤ ይያዛሉ፣ ይስቃሉ፣ ተራቸውን ይጨፍናሉ። ዘለቀ እየዞረ ጋሽ ቱፋን «ያ ልጅ የእኔ ነው» ይላቸዋል። ያውቃሉ እኮ፤ በየቀኑ በሩን የሚከፍቱለት እሳቸው ናቸው። እሱ ግን ደግሞ ይነግራቸዋል።

ከዚያ በኋላ የጎረቤቱ ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ ሲያነበንብ ዘለቀ ከሁሉም አብልጦ አጨበጨበለት። ቀጥሎ ተነሣና ስለ ባሮክ አወራ፤ እንግዶቹ ራታቸው እስኪቀዘቅዝ አወራ። እጅጋየሁ ካፖርቱን ጎተተችው፣ አልተቀመጠም። ይኩራ! እንዲህ ያለውን ኩራት እኔ አልገሥጽም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ፊደል አይማሩ አላልኩም። ባሮክም ጊዜው ሲደርስ ፊደሉን ቆጥሯል፤ ጭቃው አልከለከለውም። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነገር ነው። ልጃችሁ ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመጣ መጀመሪያ ምን ትሉታላችሁ? ስንተኛ ወጣህ? ማንን በለጥህ? ወይስ ዛሬ ማን ጠርቶህ መለስክለት ትሉታላችሁ? ልጅ የሚሮጠው እኛ ወደምንጠይቀው ነው።

ደግሞ አስቡ። እኛ ራሳችን ምን ነበርን? በጨለማ ውስጥ እጃችንን ዘርግተን፣ በየድንጋዩ እየተደናቀፍን ስንጣራ፣ ጌታ ከክብሩ ጀርባ ተደብቆ ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝም አለን? መለሰልን። በዚህ በኩል ኑ አለን። ታዲያ የተመለሰለት ሰው ልጁን ዝም ማለት ያስተምራል?

እናንተ አባቶች፣ እናንተ እናቶች፣ ዕድሜ ሲገፋ ሻርፑ ለሁላችንም ይታሰርልናል። ዓይናችን ይደክማል፤ የገዛ ቤታችን በር በየት በኩል እንደሆነ ይጠፋናል። ያን ቀን እንጣራለን። ልጆቻችን የትም ከፍታ ላይ ደርሰው ይሆናል፣ ማንም የማያገኛቸው ጥሩ ቦታ ይዘው ይሆናል። እኛ ስንጣራ ትንፍሽ ቢሉ ይያዛሉ፤ ሥራቸው ይቋረጣል፣ ጊዜያቸው ይሄዳል። ይመልሱልን ይሆን? መልሱን ያን ቀን አናስተምራቸውም። የሚማሩት አሁን ነው፤ ሜዳ ላይ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር፣ እየተሳሳቁ።

ስለዚህ ልቀቋቸው፤ ይጫወቱ። ችግኝ ያጠጡ፣ ለደካማው ይያዙለት፣ ሱሪያቸው ይበላሽ። ማታ እጠቡት። ጭቃ ይለቃል።