የዕድሩ ድንኳንና የረድኤት ፍላሽ

እኛ ሰፈር፣ ሞጆ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ወጣት ከሰው የሰማውን ይዞ ሲንደረደር፣ ወይም አንዱ በማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ሊደምቅ ሲያምረው፣ ሽማግሌዎች ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ብዙው ሰው የጥንት ትመስለዋለች። ጥንት አይደለችም። የተነገረችው በገዛ የልጅ ልጄ ራስ ላይ ነው፤ ስትነገርም አጠገቧ ቆሜ ነበር። ታሪኳን የማያውቅ ሰው ለቀልድ ሲወረውራት ሆዴ አልችል ስላለኝ፣ ዓይኔ ጨርሶ ሳይደክም ልጻፈው ብዬ ነው።

ረድኤት የልጄ ልጅ ናት፤ እኔው ጋ ነው ያደገችው። ፎቶ ማንሳት ተምራ፣ ያገለገለ ካሜራ ተገዝቶላት፣ የመጀመሪያ ሥራዋን ያገኘችው ከጎረቤቴ ከአመለወርቅ ቤት ነበር። ልጇ ሰናይት ልትዳር ነው፤ የመልሱን ፎቶ ረድኤት ታንሳ ተባለ። ካሜራው ላይ ያለችው መብራት ደካማ ስለሆነች፣ ከላይ የሚሰካ ፍላሽ ልትገዛ አዲስ አበባ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። በዚያ ሁሉ መኪና መሀል ብቻዋን ልልካት ኖሯል?

ባለሱቁ ትሁት ልጅ ነው። አንዱን ፍላሽ አውጥቶ አንገቱን እያዞረ አሳያት።

«ፊት ለፊት ከለቀቅሽበት ሰዉን አመድ ያስመስለዋል፤ ዓይንም ያስጨፍናል። ወደ ኮርኒሱ አዙሪውና ብርሃኑ ከላይ ተመልሶ ይውረድ። ያኔ ይለሰልስልሻል» አላት። ቀጥሎ ፍላሹ ራስ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋ ነጭ የፕላስቲክ ክዳን አወጣ። «ነጭ ኮርኒስ በሌለበት ደግሞ ይሄን ትደፊበታለሽ፤ ብርሃኑን በትኖ ፊት ላይ ያደርስልሻል።»

ረድኤት ክዳኑን አገላብጣ አይታ ሳቀች። «የእርጎ ዕቃ አይመስልም? ይሄን ደፍቼ ሰርግ ቤት ብገባ ሙሽራዋን ትተው እኔን ነው የሚያዩት!»

«በክዳኑ ይሳቁ እህቴ፣ በሥራሽ አይሳቁ እንጂ።»

«ግዢው፣ ምን ይጎዳሻል?» አልኳት።

«እማማ ደግሞ! በሱ ፋንታ ትርፍ ባትሪ ብይዝ አይሻልም? መሀል ላይ ቢያልቅብኝስ?»

ያልቅብኛል ስትል እኔም ፈራሁ፤ ክዳኑ ሱቁ ቀረ። መንገዱን ሁሉ ባትሪው ቦርሳዋ ውስጥ ግሎ እሳት እንዳያስነሳ ስዳብስ ነው የመጣሁት። ያልፈራሁትን ነገር ነበር መፍራት የነበረብኝ።

ቤት እንደገባን ሳሎኔ ውስጥ አስቀምጣ ሞከረችብኝ። የእኔ ኮርኒስ ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። ፍላሹን ወደ ላይ አዙራ አነሳችኝ፤ እውነቴን ነው፣ የፊቴ ሽብሽብ የት እንደገባ ጠፋኝ። «አየሽ እማማ? ይኸው ነው ምስጢሩ!» ብላ አቅፋ አዞረችኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ይምከራት።

አሁን ስለ ሰናይት አባት ልንገራችሁ። አቶ በላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በባቡር ሥራ የቆዩ፣ ሳቂታ፣ ግዙፍ ሰው ነበሩ። ጉበታቸውን ታመው በዚያ ዓመት ከሰውነት ወጡ። ሐኪሞቹ ለአመለወርቅ የነገሯትን እሷ ለእኔ ነግራኛለች፤ ለልጂቱ ግን ሰርጓ እስኪያልፍ ተደበቀ። እሳቸው አውቀውታል። የልጄን መልስ ቁጭ ብዬ ሳላይ አልሄድም ብለው ከአልጋ ተነሡ።

ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ግቢው ውስጥ የዕድራችን ድንኳን ተተከለ። አረንጓዴ፣ ወፍራም ሸራ ነው። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ወንድይራድ ሲያስረክቡ፣ «ይህ ድንኳን ከተገዛ ጀምሮ የሚያውቀው ለቅሶ ነው። እስቲ ዛሬ እልልታ ያስተምሩት» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። አመለወርቅ ግን ስትስቅ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

የመልሱ ለት ዝናብ ጣለ። የድንኳኑ መጋረጃ በየጎኑ ወረደና ገና በቀን ውስጡ ጨለመ። አቶ በላቸውን ደግፈው አምጥተው ከሰናይት አጠገብ አስቀመጧቸው። ያ ሁሉ ልብስ ውስጡ ሰው ያለበት አይመስልም። እንግዳው ስልኩን ሲያወጣ እጃቸውን አነሡ።

«ስልካችሁን አስቀምጡልኝ። እንዲህ ከስቼ በየሰዉ ኪስ አልዞርም። ረድኤት ታንሳኝ፤ እሷ እጄ ላይ ነው ያደገችው።» ሁሉም ስልኩን ከተተ። ወደ ረድኤት ዞር ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከሰናይት ጋር አንዲት ፎቶ። ለሷ የምትቀር ናት። ሰው አስመስለሽ አንሺኝ፣ እሺ?» አሏት።

«ሙሽራ ነው የማስመስልዎት ጋሼ!»

«ሙሽራማ አንዴ ሆኜ ይኸው እስከ ዛሬ አልዳንኩም!»

«ያልዳንኩትስ እኔ!» አለች አመለወርቅ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። የመጨረሻ ሳቃቸው እሱ ነው።

ረድኤት በተማረችው መሠረት የፍላሹን አንገት ወደ ላይ አዞረች። ቦግ አለ። ደግማ ቦግ አደረገችው። ሦስተኛውን ስታነሣ ሳል ያዛቸውና ደግፈው ወደ ቤት አስገቧቸው፤ ተመልሰውም አልወጡ። እሷ የካሜራውን መስኮት አየት አድርጋ ግንባሯን ቋጠረች።

«ምነው?» አልኳት።

«ምንም። ጨለማ ስለሆነ ስክሪኑ ነው የሚያስመስለው። ማተሚያ ቤት ይስተካከላል።»

በሳምንቱ አቶ በላቸው አረፉ። ጥሩምባው ሲነፋ እኔ ስለ ፎቶው አላሰብኩም። ረድኤት ግን አስባለች። ክው ብላ ካሜራዋን ይዛ ስትወጣ ተከትያት ማተሚያ ቤት ሄድኩ። አታሚው ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተው። ፊታቸው እንደ ሻገተ እንጀራ አረንጓዴ ሆኗል። ብርሃኑ ከአናት ብቻ ስለወረደ፣ ከጉንጫቸው አጥንት በላይ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ እንጂ ዓይን የለም። ሰናይት ወጣት ናት፣ ፊቷ ሙሉ ነው፤ እሷ አረንጓዴ ብትሆንም ሰው ትመስላለች። እሳቸው ግን አይመስሉም።

«ቀለሙን ገፋ ገፋ አድርጌ ትንሽ አሻሽለው ይሆናል» አለ አታሚው። «ዓይናቸውን ግን ከየት ላምጣልሽ? ብርሃን አልደረሰበትም እኮ።»

«ሌሎቹስ?» አለች ረድኤት።

«ሌሎቹም ያው ናቸው።»

«አንሰጣቸውም፤ ጠፋ በያቸው» አልኳት እኔ። ልጄን ፈርቼላት ነው፤ ሌላ ምን ልበል?

«ሰናይት እየጠበቀች ነው እማማ። አባቷን ጠፋ ልበላት?» አለችኝ።

ስንመለስ ያው ድንኳን እዚያው ግቢ ተተክሏል። የመልሱ የካስማ ጉድጓድ እንኳ ገና አልደፈነም ነበር። ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ሸራውን ትደበድበዋለች። በአገራችን ልማድ የሟች ልጅ የአባቷን ፎቶ ደረቷ ላይ አቅፋ ታለቅሳለች። ሰናይት እጇን ዘረጋች። ረድኤት ፎቶውን ሰጠቻት።

ልጂቱ አየችው። ቀስ ብላ ገለበጠችውና በፊቱ ጉልበቷ ላይ ደፋችው። አመለወርቅ ነጥቃ አየችና፣ «ይሄን መቼ ነው ያነሣሽው? ከሞተ በኋላ ነው?» አለች።

«በመልሱ ለት ነው እትዬ...»

«በመልሱ ለትማ ባሌ በሕይወት ነበር! ይሄ ሬሳ ነው! ሰው አስመስለሽ አንሺኝ አልነበር ያለሽ?»

ለቅሶው ቆመ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከሴቶቹ መሀል አንዷ፣ «ሳይሞት ሞቱን አይታዋለች» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ «ኧረ ዓይኗን ወዲያ!» አለች። እንዲህ ያለ ወሬ አንዴ ከተጣበቀ የሴት ልጅ ዕድሜ ልክ ነው፤ የሚያገባትም፣ ቤቱ የሚያስገባትም አይገኝ። ከረድኤት ፊት ቆምኩና ክንዴን ዘረጋሁ፤ የሚመጣብኝን ግን አላወቅሁም። እሷ ከኋላዬ ተጠግታ ቆማለች።

ያኔ ጋሼ ወንድይራድ ከትልቁ ወንበራቸው ተነሥተው መጡ። ፎቶውን ተቀብለው አዩት፤ ረድኤትን አዩ።

«ልጄ፣ መብራቱን ወዴት አዙረሽው ነበር?»

«ወደ ላይ ጋሼ። ከላይ ተመልሶ ይለሰልሳል ስላሉኝ...»

ሽማግሌው ወደ ሸራው ቀና አሉ። ከዚያ ወደ ለቀስተኛው ዞሩ። «እስቲ እርስ በርሳችሁ ተያዩ» አሉ።

ተያየን። ፀሐይዋ በሸራው አልፋ በሁላችንም ላይ ወርዳለች። የአመለወርቅ ግንባር፣ የሰናይት እጅ፣ ዓይኗን ወዲያ ያለችው ሴት ጉንጭ፣ የእኔም ክንድ፣ ሁሉም እንደ ፎቶው አረንጓዴ ነው። መቶ ሬሳ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ነጠላዋን የሳበችው ሴት አንገቷን ደፋች።

የረድኤት ዓይን ከሐሜቱ ነፃ ወጣ። ሰናይት ግን አባቷ ለሷ እንድትቀር ያሉትን ፎቶ አላገኘችም፤ ከቤቱ ግድግዳ ላይ የሥራ ቆባቸውን አውርደው ሰጧት፣ እሱን ደረቷ ላይ አቅፋ እንደገና ማልቀስ ጀመረች። ጋሼ ወንድይራድ ፎቶውን እጥፍ አድርገው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፣ እጃቸውን በረድኤት ራስ ላይ ጭነው፣ ጣታቸውን ወደ ዕድሩ ሸራ ቀስረው እንዲህ አሉ፦ «የተዋሱት ብርሃን፣ የባለቤቱን መልክ ይዞ ይመጣል።»