ዋንዛዋ መጽሐፍ ውስጥ እንዴት እንደገባች

ለእጅ ጽሑፌ መንጋደድና ለፊደል ግድፈቴ ይቅርታ፤ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ችግኝ አጠጣለሁ። ካልሳቃችሁብኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

የዕፅዋት ሥነ ምህዳር መምህርቷ ዶክተር ውድነሽ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ የመማሪያ መጽሐፍ። እስከ ነገ ካልተመረጠ ኮርሱ ይሰረዛል። አንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ታቅፈው ወደ ክፍል ኃላፊው ሮጡ።

«አቶ ሸዋረጋ፣ ማህተም ይምቱልኝ!»

«ኮሚቴው ሳይፈርም? አልመታም!»

ወደ ኮሚቴው ሮጡ። «ፈርሙልኝ! ኮሚቴው ካልፈረመ ማህተም አይመታም፤ ማህተም ካልተመታ መጽሐፍ የለም!»

«ተማሪው ሳይስማማ? አንፈርምም!»

ወደ ተማሪዎቹ ሮጡ። «ተስማሙልኝ ልጆቼ! ተማሪው ካልተስማማ ኮሚቴው አይፈርምም፤ ኮሚቴው ካልፈረመ ማህተም አይመታም፤ ማህተም ካልተመታ መጽሐፍ የለም!»

ተማሪዎቹ ገለጥ ገለጥ አደረጉት። በረዶ የለበሰ ዛፍ ብቻ!

«ዶክተርዬ፣ እነዚህ ዛፎች ጉንፋን ይዟቸዋል» አለች ሀዊ። «የምናውቀው ዛፍ ካልገባበት አንስማማም!»

ግቢው ውስጥ ወዳለችው ዋንዛ ሮጡ። መጽሐፉን ገልጠው ሥሯ ዘረጉት። «ዋንዛዬ፣ ግቢልኝ! ዋንዛዋ ካልገባች ተማሪው አይስማማም፤ ተማሪው ካልተስማማ ኮሚቴው አይፈርምም፤ ኮሚቴው ካልፈረመ ማህተም አይመታም፤ ማህተም ካልተመታ መጽሐፍ የለም!»

«ነፋስ ሳይነካኝ? አልገባም!» ያለቻቸው መሰላቸው።

«ነፋሴ፣ ንፈስልኝ! ነፋሱ ካልነፈሰ ዋንዛዋ አትገባም፤ ዋንዛዋ ካልገባች ተማሪው አይስማማም፤ ተማሪው ካልተስማማ ኮሚቴው አይፈርምም፤ ኮሚቴው ካልፈረመ ማህተም አይመታም፤ ማህተም ካልተመታ...»

ነፋሱ ጭጭ። ዶክተር ውድነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ድንገት ሿ! ቅርንጫፉ ተወዛወዘ። አንዲት ፍሬ በረዶ የለበሰው ዛፍ ሥዕል ላይ ጧ! አንድ ቅጠል ደግሞ ከላይዋ ዱብ! የዋንዛ ፍሬ ሙጫ አይደል? ቅጠሉ እዚያው ተለጠፈ።

«ገባች! ገባች!» እያሉ ወደ ተማሪዎቹ በረሩ።

«እኔም የሰፈሬን ቅጠል እለጥፋለሁ!» አለች ሀዊ። «እኔም!» «እኔም!»

ነፋሱ ነፈሰ፤ ዋንዛዋ ገባች፤ ተማሪው ተስማማ፤ ኮሚቴው ፈረመ፤ ማህተሙ ተመታ፤ መጽሐፉ ተመረጠ!

ዶክተር ውድነሽ እስከ ዛሬ ነፋሱን ያመሰግናሉ። እኔ ግን ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ያን ቀን ነፋስ አልነበረም። ዛፉ ላይ ወጥቼ ዋንዛ ስበላ ነበር፤ ሲመጡ አፍሬ ተደበቅኩ። እንባቸውን ሳይ አንጀቴ አልቻለም፤ ቅርንጫፉን ወዘወዝኩት።

ፍሬዋ ደግሞ ከዛፉ አልወደቀችም። ከአፌ ነው ያመለጠችኝ።